ካሴቱ ሲገለበጥ የሚጮኸው ምንድን ነው?

በይፋግ፣ በአዲስ ዘመን፣ በወረታም ሆነ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ፣ በቪዲዮ ካሴት ዘመን ሰርጉን በካሜራ ያስቀረጸ ቤተሰብ ካሴቱን አይጥልም። ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አንዳንዱ የጥምቀት፣ አንዳንዱ የክርስትና፣ አንዳንዱም ጥር 25 ቀን በደብረ ታቦር የሚከበረው የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓልና የፈረስ ጉግሱ ነው። በካሴቱ ላይ ከሚመርቁት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ፎቶግራፋቸው ሌላ ቦታም ሊገኝ ይችላል፤ ድምፃቸው ያለው ግን እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ማጫወቻው ዴክ ደግሞ እየጠፋ ነው። ቪኤችኤስ የሚባለውን የካሴት ዓይነት ጄቪሲ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ እስከ መጨረሻው ማጫወቻውን ሲሠራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ በ2016 ምርቱን አቋርጧል። በ2019 ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ የማግኔቲክ ቴፕ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ እንደ መለያ ድንበር የተጠቀሰው ዓመት 2025 ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራ ማጫወቻና መለዋወጫ ማግኘት እየከበደ ይሄዳል ተብሎ። ያ ዓመት ደርሷል። ዛሬ ወደ ቪዲዮ ቤት የሚወሰድ ካሴት ምናልባት የሚጫወተው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ታዲያ በዚያ ጊዜ ነው ጩኸቱ የሚመጣው። ምስሉ ጥርት ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል፤ ድምፁ ላይ ግን «እምምም» የሚል ጉርምርምታ፣ ወይም «ዝዝዝ»፣ ወይም «ጫ ጫ» የሚል መንኮሻኮሽ ተለጥፎበታል። ባለሙያው ቸኩሏል፣ ደንበኛው ቆሟል። ቀላሉ መንገድ ቀድቶ ጨርሶ ኤዲቲንጉ ላይ ኖይዝ ሪዳክሽን የሚባለውን ማጥሪያ መጫን ነው። ጩኸቱ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ሳያጉረመርም ከፍሎ ይሄዳል።

ጉዳቱ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ ከኤሌክትሪኩ የሚመጣ ጉርምርምታም በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ፣ ማለትም በ100፣ በ150፣ በ200 ላይ ይቀመጣል። ማጥሪያው እነዚያን ቦታዎች ቆርጦ ያወጣል። ግን የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መነሻውም ከ85 እስከ 180 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የከበሮው ሰፊ ጎን የሚሰጠው ወፍራም ምትም እዚያው ሰፈር ይውላል። በቀጫጭን ድምፆች በኩል ደግሞ «ሽሽሽ» የሚለውን ሽሽታ የሚያጠፋው ማጥሪያ ጸናጽሉን ከሽሽታ አይለየውም። ስለዚህ ጋይንት ውስጥ በቤተልሔም ድጓ ያስመሰከረ መሪጌታ በአንድ የጥምቀት ካሴት ላይ ቢኖር፣ ከማጥሪያው የሚወጣው ድምፅ ቅላጼው የቀጠነ፣ ከበሮው የካርቶን፣ ጸናጽሉ የሌለ ይሆናል። አንዴ በዚህ መልክ ከተቀመጠና ካሴቱ ከተጣለ መመለሻ የለውም።

በገና ላይ የሚደርሰው ከሁሉ ይከፋል። የበገና ድምፅ በተፈጥሮው ይነዝራል። በአሥሩ አውታሮች ሥር፣ ከድልድዩ ላይ የሚገቡት እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች አውታሩ ሲርገበገብ እየነኩ ያንን ጥዝዝታ ይፈጥራሉ፤ ደርዳሪው የሚደክመውም እንዚራውን በልኩ አስቀምጦ ያንን ድምፅ ለማግኘት ነው። የዓለሙ አጋን በገና በኢትዮፒክስ ተከታታይ 11ኛ አልበም ላይ የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። በገና ሰምቶ የማያውቅ ሶፍትዌር ግን ጥዝዝታውን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ያጸዳዋል። የዐቢይ ጾም የበገና ካሴት የሚያስገለብጥ ሰው «ይህ ድምፅ አይነካ» ብሎ አስቀድሞ መንገር አለበት።

ከማጥሪያው ይልቅ የጩኸቱን ምንጭ መፈለግ ይሻላል፤ ይህም ከሚታሰበው ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። አብዛኛው ምርመራ ነቅሎ መስማት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጩኸቱ ያለው የት ነው የሚለው ነው። ስፒከሩን ጨርሶ አጥፍቶ ጆሮን ወደ ኮምፒውተሩ ሳጥን ማስጠጋት። አሁንም የሚሰማ ከሆነ ነገሩ ከቅጂው ጋር ግንኙነት የለውም። ከዴኩ የሚመጣውን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገቡት ካፕቸር ካርዶች አብዛኞቹ ፋን የላቸውም፤ ስለዚህ የሚያጉረመርመው በአቧራ የተሞላ የፓወር ሳፕላይ ወይም የፕሮሰሰር ፋን ነው። ቀጭን ፉጨት ከሆነ ከካርዱ ወይም ከማዘርቦርዱ ጥቅልል ሽቦዎች ሊመጣ ይችላል፤ ኮረንቲ ሲያልፍባቸው በጥቂቱ ይንቀጠቀጣሉ። ያበሳጫል እንጂ ፋይሉ ላይ አይገባም። «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ቅጂውን አቁሞ ያለውን ፋይል ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።

ስፒከሩ ሲጠፋ ዝም ካለ ጩኸቱ ከመስመሩ ነው። እዚህ ላይ ዴኩን ከማጫወት አቁሞ፣ ኬብሉን ሳይነቅሉ ማዳመጥ ብዙ ይናገራል። ካሴቱ ቆሞም ጉርምርምታው ከቀጠለ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው። ካሴቱ ሲቆም አብሮ ከቆመ ደግሞ ከቴፑ ወይም ቴፑን ከሚያነበው የዴኩ ራስ የመጣ ነው። ይህን መለየት የግድ የሚሆነው ሁለቱ በጆሮ ስለሚመሳሰሉ ነው። በፓል ስርዓት፣ በቪኤችኤስ ዴክ ውስጥ ራሶቹ የተገጠሙበት ከበሮ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በሰከንድ 25 ዙር ማለት ነው። ሁለት ራሶች ስላሉት በሰከንድ 50 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀያየራል። መብራቱ 50፣ ቅይይሩም 50። በሃይፋይ፣ ማለትም ድምፁም በዚሁ ከበሮ በኩል፣ የተቀረጸ ካሴት ከራሶቹ ጋር በደንብ ካልተጣጣመ ያ ቅይይር ዝዝታ ሆኖ ይሰማል፤ ብዙ ሰው ያኔ መብራቱን ይረግማል፣ ስታብላይዘር ይገዛል። መፍትሔው ግን ትራኪንግ የሚለውን ቁልፍ በቀስታ ማዞር ነው። ዝዝታው በቁልፉ ልክ ከተለወጠ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ካልሆነም ዴኩ ከሃይፋይ ወደ ኖርማል የሚያዞር ምርጫ ካለው በዚያ መሞከር፤ በቴፑ ጠርዝ ላይ ያለው መደበኛ የድምፅ መስመር ይህ ችግር የለበትም። እርግጥ ያ መስመር ድሃ ነው። ቴፑ የሚጓዘው በሰከንድ 2.34 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህ ከተለመደው የቴፕ ካሴት ፍጥነት ግማሽ ነው፤ ቀጫጭን ድምፆችም በዚያው ልክ ይቀንሳሉ።

ከቴፑ ካልሆነስ? እዚህ አገር ቤት አብዛኛው ሰው ምልክቱን በጣቱ ያውቀዋል፦ ኮምፒውተሩ ይነዝራል። የዴስክቶፑን ብረት በባዶ እግር ሆኖ የነካ ሰው እጁን ሰብሰብ ያደርጋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ከሁለቱም የመብራት መስመሮች ወደ ብረቱ ሳጥን የተዘረጉ ማጣሪያ ካፓሲተሮች አሉ፤ የሚያሾልኩትን ጥቂት ኮረንቲ ወደ መሬት መውሰድ የነበረበት ሦስተኛው ሽቦ፣ ኧርዝ የሚባለው፣ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ከኋላው ኧርዝ ካልተዘረጋለት ሳጥኑ በ220 አጋማሽ፣ በ110 ቮልት አካባቢ፣ ተንሳፍፎ ይቀራል። ኮረንቲው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሰውን አይጥልም። ነጭና ቀዩ የድምፅ ኬብል ከዴኩ ጋር ሲያገናኘው ግን ያ ጥቂት ኮረንቲ መውጫ ያገኛል፤ የሚወጣውም ድምፁ በሚያልፍበት ኬብል ሽፋን በኩል ነው። «እምምም» የሚለው እሱ ነው። ሪሲቨር በመካከል ካለና ዲሹ ጣሪያው ላይ ከብረት ጋር ከታሰረ ደግሞ ኮረንቲው የሚዞርበት ሌላ መንገድ ይጨመራል።

ስለዚህ ዴኩም ኮምፒውተሩም ቴሌቪዥኑም በአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። የዲሹ ኬብል ቅጂው እስኪያልቅ ይፈታ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ይቅዳ። ቻርጀሩ ሲነቀል ጉርምርምታው ቢጠፋ ምንጩ ተያዘ፤ ባለ ሁለት እግር ቻርጀርም ቢሆን ያሾልካል። ዴስክቶፕ ላይ ለቆየ ችግር በድምፁ መስመር ላይ የሚገባ አነስተኛ የመለያ ትራንስፎርመር አለ፤ ድምፁን ያሳልፋል፣ የሁለቱን ዕቃ ብረት ግን አያገናኝም። ከሁሉ የሚሻለው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ኧርዝ ማስቀበር ነው፤ ለካሴቱ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም ሰው።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይደረግ። ጉርምርምታውን ለማጥፋት የፕለጉን ኧርዝ እግር መስበር ሰው ይገድላል። ኬብል ሲሰካና ሲነቀልም ሁለቱም ዕቃዎች ጠፍተው ይሁን፤ ያ የተንሳፈፈ ቮልት የካርዱን የድምፅ መግቢያ ሊያቃጥል ይችላል።

ምስሉን እየተከተለ የሚመጣ ዝዝታ ሌላ ነው። የሰርጉ ቪዲዮ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ ሲል፣ የሙሽሮቹ ስም ሲጻፍ፣ ድምፁ «ዝዝ» ይላል፤ ጽሑፉ ሲጠፋ ይተዋል። ምስሉ ወደ ድምፁ እየፈሰሰ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ዴኩ በአንቴና ገመድ ከቲቪ ካርድ ጋር ሲገናኝ ነው። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ባላቸው ኬብሎች መለወጥ ይበቃዋል። በድሮው ቢቲ878 ቺፕ በተሠሩ የፒሲአይ ካርዶች ላይ ደግሞ ከካርዱ ወደ ሳውንድ ካርድ የምትሄድ ቀጭን ሽቦ አለች፤ ከግራፊክስ ካርዱ ጎን ካለፈች ማውዙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትንጫጫለች። ማራቅ ነው።

ላፕቶፕ ላይ የሚበዛው ስህተት ሌላ ነው፦ ከዴኩ የሚወጣውን ድምፅ በማይክ መግቢያ መስካት። ማይክ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ ዴኩ የሚሰጠው የቮልት ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ እልልታው ሁሉ ይፈነዳል። በዴስክቶፕ ላይ ሰማያዊው ቀዳዳ የዴኩን ድምፅ የሚቀበለው ላይን ኢን ነው፣ ሮዙ ማይክ ነው። የተሰነጠቀን ድምፅ የሚጠግን ሶፍትዌር የለም ማለት ይቻላል፤ የድምፁ መጠን በኮምፒውተሩ ላይ ከፍተኛው ሲደርስ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ቢል ይመረጣል።

አሁን በርካሽ የሚሸጡት ትናንሽ የዩኤስቢ ካፕቸሮች የራሳቸው ዓመል አላቸው። ኤችዲኤምአይ ከሚቀበሉት ብዙዎቹ ኤምኤስ2109 በሚባል ቺፕ የተሠሩ ናቸው። ይህ ቺፕ የሚልከው 48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተሩ 96 ኪሎኸርዝ ሞኖ ነኝ ይላል፤ የግራና የቀኙ ድምፅ በአንድ ክር ተጣምሮ ሸካራ ሆኖ ይወጣል። የሊኑክስ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2020 ማረሚያ ጨምረውለታል። በዚህ ካርድ የቅዳሴ ወይም የጉባኤ ቀጥታ ስርጭት የሚያስተላልፉ ወጣቶች ማይኩን ቀያይረው ከመድከማቸው በፊት ይህን ቢያዩ ይበጃቸዋል። በየጥቂት ሰከንዱ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ ሶፍትዌሩ በ44.1፣ ካርዱ በ48 ኪሎኸርዝ ላይ መሆናቸውን ማየት፣ ካርዱን ከዩኤስቢ ማብዣ አውጥቶ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት።

ካሴቱ ሚኒዲቪ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ፋየርዋየር የሚባለው መሰኪያ ያለው ኮምፒውተር ከተገኘ በቴፑ ላይ የተጻፈው ዲጂታል ቁጥር እንዳለ ይገለበጣል፤ ጉርምርምታ የሚገባበት በር የለም።

ከደብረ ታቦር ብርድ ወርዶ ወደ ይፋግ ሙቀት የገባ ካሴት ወዲያው ዴክ ውስጥ አይግባ፤ ላብ ይይዘዋል፣ እርጥብ ቴፕም ከበሮው ላይ ይጣበቃል። ለጥቂት ሰዓት ቤቱን ይልመድ። ሻጋታ የታየበት ካሴት ደግሞ ሳይጸዳ ከገባ የዴኩን ራስ አቆሽሾ ቀጥሎ የሚመጣውን የሌላ ሰው ካሴት ያበላሻል።

የጩኸቱ ምንጭ ተፈልጎ ካልተገኘም፣ ወይም ጩኸቱ ከጥንቱ ቀረጻ ጋር የገባ ከሆነ፣ ከዳሱ ጀርባ ሲንኳኳ የዋለው ጀነሬተር ለምሳሌ፣ እንዳለ መቅዳት ነው። ማጥሪያ ቢያስፈልግ በሁለተኛ ቅጂ ላይ ይደረግ። ቪዲዮ ቤት ያላችሁ፣ ለባለቤቱ ሁለት ፋይል ስጡት፤ አንዱ የተጣራ፣ አንዱ ያልተነካ። ካሴት የምታስገለብጡም ያልተነካውን ሳትጠይቁና ሳታዳምጡ ካሴቱን አትጣሉ።