ቀይና ነጭ ምንጭ ያላት ከተማ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሶመርሴት በሚባለው አውራጃ ግላስተንበሪ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የነዋሪዎቿ ቁጥር 10 ሺህ አይሞላም። የባቡር ጣቢያዋ በ1966 ስለ ተዘጋ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚደረስባት በአውቶቡስ ወይም በመኪና ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ሐምሌ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሴቶች፣ እናትና ልጅ ሆነው ጭምር፣ ዓርማ ይዘው እየዘመሩ በጎዳናዋ ያልፋሉ። የሚያከብሩት እንስት አምላክን ነው።

ወደዚያ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ በባዝ ከተማ በኩል ያልፋል። ባዝ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ጀምሮ የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉባት፣ የኖሩበትንም ፌርፊልድ የተባለ ቤት በ1958 ለከተማዋ የሰጡባት ናት። የአዲስ አበባን ፍል ውኃ የምታውቅ እናት ባዝ ብትደርስ እንግድነት አይሰማትም፤ 46 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። ጥንት የአገሩ ሰዎች የምንጩ ባለቤት ሱሊስ የምትባል እንስት አምላክ ናት ብለው ያምኑ ነበር። ሮማውያን በመጡ ጊዜ አላጠፏትም፤ ሚኔርቫ ከምትባለው ከራሳቸው አምላክ ጋር አዛምደው ቤተ መቅደስ ሠሩላት። ከምንጩ ውስጥ 130 ያህል በእርሳስ ቅጠል ላይ የተጻፉ ማመልከቻዎች ወጥተዋል። አብዛኞቹ የሌባ ስሞታዎች ናቸው፤ ካባ የጠፋበት፣ ጓንት የተሰረቀበት ሁሉ ለሱሊስ አቤት ብሏል። ሰው ለአምላኩ የሚያቀርበው የዕለት ጭንቀቱን መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከባዝ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ከሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ ጉብታ ይታያል። ቶር ይሉታል፤ ከፍታው 158 ሜትር ሲሆን ጫፉ ላይ ጣሪያ የሌለው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግንብ ቆሟል። በ1539 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ታላቁን የግላስተንበሪ ገዳም በዘጋ ጊዜ፣ የመጨረሻው አበምኔት የተሰቀሉት በዚሁ ጉብታ ላይ ነው። የገዳሙ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ በከተማዋ መካከል ይታያል።

ከጉብታው ሥር፣ በጥቂት እርምጃ ልዩነት፣ ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው ብረት ስላለበት የሚያልፍበትን ድንጋይ ሁሉ ያቀላዋል፤ ጣዕሙም ብረት ብረት ይላል። ሁለተኛው ኖራማ በመሆኑ ነጭ ይባላል። ቀዩ በአበባ አትክልት መካከል በክፍያ የሚጎበኝ ሲሆን፣ ነጩ በ1872 ለውኃ ማጠራቀሚያ በተሠራ ጨለማ የድንጋይ ቤት ውስጥ በሻማ ብርሃን ይታያል። ወደዚያ የሚመጡት ሴቶች ቀዩን ውኃ የእናት ደም፣ ምድሪቱንም አካሏ አድርገው ያዩታል። ጠበል ለምናውቅ ለእኛ፣ ሰው ከውኃ አጠገብ ቆሞ ሲለምን ማየት አይገርምም።

መቅደሱ ግን የጠበቁትን ያህል አይደለም። ግዙፍ ሕንፃ የሚፈልግ ሰው አልፎት ይሄዳል። በዋናው ጎዳና፣ ከሱቆች በላይ፣ በደረጃ የሚወጣበት አንድ ክፍል ነው። በ2002 ተከፈተ፣ በ2003 በሕግ የአምልኮ ቦታ ሆኖ ተመዘገበ። መነሻው በ1996 ካቲ ጆንስ የተባለች ሴት ከጓደኛዋ ጋር ያዘጋጀችው ጉባኤ ነው። ጊዜውን ልብ ይሏል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ 32 ሴቶችን በቅስና የሾመችው እዚያው አቅራቢያ በብሪስቶል ካቴድራል በ1994 ነበር። ከዚያ በፊት መንበር ፊት መቆም የፈለገች ሴት ወይ ዝም ማለት ወይ ከቤት መውጣት ነበረባት። ከወጡት አንዳንዶቹ የራሳቸውን መንበር ሠሩ።

እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን «ፔጋን» ይላሉ። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «አረማዊ» ይሆናል፤ ያ ደግሞ በእኛ ዘንድ ስድብ ነው፤ ስለዚህ ስማቸውን እንዳለ ብንተወው ይሻላል። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ 74 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ ስም ተመዝግበዋል። የሚያከብሯቸው ስምንት በዓላት ከፀሐይና ከእርሻ ወቅቶች ጋር የሚዞሩ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በመካከላቸው፣ ከጥንት ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ የአንዲት ታላቅ እናት አምልኮ ነበረ የሚሉ አሉ። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር የሆኑት ሮናልድ ሃተን ግን በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ የዛሬው እምነት በአብዛኛው የቅርብ ዘመን ሥራ መሆኑን በሰፊው አሳይተዋል። ብዙዎቹ ተከታዮችም ይህን ተቀብለው ይኖራሉ። ልዩነቱ ከእኛ አገር ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ ይታያል። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የምትባለውን ቀጭን በትር ታስጨብጣታለች። ዝናብ ሲጠፋ፣ ጠብ ሲነሣ፣ ወይም የአንዲት ሚስት መብት ሲደፈር ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ የአቴቴን ሥርዓት ማንም ከመጽሐፍ አያስተምራቸውም። የግላስተንበሪዋ ሴት ግን አያቷ ያላወረሰቻትን ነገር በጉልምስናዋ ጀምራ ለልጇ ልታወርስ ትሞክራለች። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

እንዲያውም ከእምነቱ ይልቅ የከበደው ቤቱን ማቆም ይመስላል። ኪራይ አለ፣ የመብራት ሒሳብ አለ፣ ወለሉ መጠረግ አለበት። የጉባኤው መግቢያና የቄሰ ገበዝነት ያህል የሚታየው የዓመታት ትምህርት ገንዘብ ስለሚጠይቅ ደመወዟ አነስተኛ የሆነ ሠራተኛ እናት እንደ ልቧ አትገባበትም፤ ይህም ተገቢ ወቀሳ ነው። በሌላ በኩል የዕለቱ ሥራ የሚሠራው በነጻ ነው። «ሜሊሳ» የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች፣ ትርጉሙ ንብ ማለት ነው፣ ተራ ገብተው በሩን ይከፍታሉ፣ ሻማ ያበራሉ፣ አልቅሳ የመጣችውን ያስቀምጣሉ። ማኅበር ጠጥታ፣ በዕድር ተራ ድንኳን ያስተከለች ሴት ይህን ሥራ ወዲያው ታውቀዋለች።

ለመግቢያ የሚከፍሉት የሌላት መንገደኛም ባዶ እጇን አትመለስም። በምንጮቹ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ፣ ከግንቡ ውጪ፣ ውኃ ሳያቋርጥ ይወርዳል። የሠፈሩ ሰዎች ጠርሙስና ጀሪካን ይዘው እየመጡ ከቀዩም ከነጩም ይቀዳሉ፤ የሚያስከፍላቸው የለም።