«ብቻዬን ነኝ» ያለውን ማን ይመነው?



አምና ረመዷን ሊገባ ሲል ለኢፍጣር ያዋጣነው ገንዘብ ጠፋ። ገንዘቡን ይይዝ የነበረው ወንድማችን ሁለት ቀን ካደ። በሦስተኛው ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ከፊታችን ቆሞ «የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ብቻዬን ነኝ» አለ። ቸግሮት እንደነበር ነገረን፤ እኛም አዘንንለት፤ ቀስ ብሎ እንዲመልስም ተስማማን። «ብቻዬን ነኝ» ያለውን ግን አላመንነውም። ከዶርም ጓደኛው ጋር ተለያይተው ስለማያውቁ «ጓደኛውን ሊያድን ነው» አልን። ፊት ለፊት የተናገረ አልነበረም፤ ሰላምታችን ግን ቀዘቀዘ። ጓደኛውም ከጀመዓ ቀረ፤ ለብቻው ይሰግድ ጀመር።

ዘንድሮ በሳምንታዊ ውይይታችን የማልኮም ኤክስን ግድያ ክርክር ስናነሳ ያ ነገር ተመልሶ መጣብን።

ሐጂ ማሊክ አል ሻባዝ (ማልኮም ኤክስ) እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1965 በኒውዮርክ ኦዱቦን አዳራሽ ንግግር ሊጀምር ሲል በጥይት ተገደለ። ታልማጅ ሄየር የተባለው ወጣት እግሩን ተመትቶ እዚያው ተያዘ። ከቀናት በኋላ ኖርማን በትለርና ቶማስ ጆንሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። እነርሱም በኋላ ሙሐመድ ዐዚዝ እና ኸሊል ኢስላም የተባሉት ናቸው። ሁለቱን ከግድያው ጋር የሚያገናኝ ቁሳዊ ማስረጃ አልነበረም፤ የቀረቡት የዓይን ምስክሮች ነበሩ፤ ቃላቸውም እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር። ዐዚዝ በበኩሉ በዕለቱ እግሩን ታምሞ ቤቱ እንደነበር አስረዳ።

በ1966 ችሎት ላይ ሄየር መጀመሪያ ካደ። ከዚያ ተመልሶ ወደ ምስክር ወንበሩ ወጥቶ ግድያው ውስጥ እንዳለበት አመነ፤ ሁለቱ ግን ንጹሐን ናቸው አለ። የእውነተኞቹን ግብረ አበሮች ስም ግን አልተናገረም። ዳኞቹ ሦስቱንም ጥፋተኛ አሉ፤ ሦስቱም ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በራሱ ላይ የተናገረው ሲታመን፣ ሌሎቹን ነጻ ያወጣበት ቃሉ ወደቀ።

በ1977 እና በ1978 ሄየር በመሐላ በተረጋገጠ ጽሑፍ የአራት ሌሎች ሰዎችን ማንነት ገለጸ። ጠበቆች ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ጠየቁ፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። ዐዚዝ በ1985፣ ኸሊል በ1987 በአመክሮ ከእስር ወጡ፤ ስማቸው ግን አልጸዳም። ኸሊል በ2009 ነፍሰ ገዳይ እንደተባለ ሞተ። አላህ ይዘንለት።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 2021 ፍርዱ ተሻረ። የኤፍ ቢ አይ እና የኒውዮርክ ፖሊስ ለተከሳሾቹ የሚጠቅም ማስረጃ ደብቀው እንደነበር ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ለፍርድ ቤቱ አስረዳ። በግድያው ዕለት ሲቪል ለባሽ ፖሊሶች አዳራሹ ውስጥ እንደነበሩ እንኳ ለመከላከያው ወገን አልተነገረም ነበር። ዐዚዝ ያኔ 83 ዓመቱ ነበር። ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ የፍርድ ቤት ወረቀት እንደማያስፈልገው ተናገረ። በ2022 ለእርሱና ለኸሊል ቤተሰብ ወደ 36 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈቀደ። ሃያ ዓመት በላይ በእስር ያለፈን ዕድሜ ግን የሚመልስ ገንዘብ የለም።

ይህን ስንነጋገር አንዲት እህታችን፣ «እኛስ ከነዚያ ዳኞች በምን ተሻልን?» አለች። ዝም አልን። ዑለማዎቻችን ያስተማሩንን እናውቀው ነበር፤ የሰው ኢቅራር የሚያስረው ራሱን ብቻ ነው፤ በሌላው ላይ አይሻገርም። በግዳጅ የተገኘ ቃል ዋጋ የለውም። ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ መሠረቱ የሰው ንጽሕና ነው። ማዒዝ (ረ.ዐ) በገዛ ፈቃዱ ወንጀሉን ሊናገር ሲመጣ እንኳ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸውን ደጋግመው አዙረውበታል፤ አእምሮው ጤነኛ መሆኑንም ጠይቀዋል። እርሳቸው የሚናዘዘውን ሰው ለመያዝ አልቸኮሉም፤ እኛ ያልተናዘዘውን ለመያዝ ቸኮልን። ሱረቱል ሑጁራት ወሬን እንድናጣራ ሲያዘን ያስጠነቀቀንም ይህንኑ ነው፤ ባለማወቅ ሰው በድሎ ኋላ መጸጸትን።

ገንዘቡ በጠፋባቸው ቀናት ያ ጓደኛ አጎቱ ሞተውበት ለቀብር አገሩ ሄዶ ነበር። ይህን ያወቅነው ከዒድ በኋላ ነው። ያኔም አፍረን ዝም አልን፤ እርሱም ተመርቆ ሄደ። ከውይይታችን በኋላ ግን ስልኩን አፈላልገን ደወልን። «አፉ በለን» አልነው። «አፉ ብያችኋለሁ» አለን፤ ጥቂት ቆይቶም «አንዳችሁ እንኳ የት ነበርክ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ምን ነበር?» አለ።

መልስ አልነበረንም። ከዚህ በኋላ በጀመዓችን ስለ ሰው ከመነጋገራችን በፊት ሰውየውን ራሱን ልንጠይቅ ቃል ገብተናል። ያንን ገንዘብ ወስዶ የነበረው ወንድማችንም ሁሉንም መልሷል፤ ዛሬም ከጎናችን ይሰግዳል። ከጎኑ ያለው የጓደኛው ቦታ ግን ባዶ ነው፤ ባዶ ያደረግነውም እኛ ነን።

አላህ በዳይ ከመሆንም ከመበደልም ይጠብቀን። አሚን።