ቡና ላይ የተነበቡ ትዳሮች

አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ የሚከራይበት ዘመን ነበር። በየሰፈሩ ከሱቅ ጎን የተለጠፈች ጠባብ ክፍል አትጠፋም፤ ግድግዳዋን ይዞ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ጀርባቸው የተላላጠ ልብ ወለዶች። አከራዩ መያዣ ይቀበላል፣ ደብተሩ ላይ የተከራዩንና የመጽሐፉን ስም ይመዘግባል፣ ሒሳቡን በቀን ያስባል። መጽሐፎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ሽፋናቸው ስለሚያልቅ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ወይም በሲሚንቶ ከረጢት ይለበዳሉ፤ ርዕሱም በእስክሪብቶ ይጻፍባቸዋል። የመጨረሻዎቹ ገጾች የተቀደዱበት መጽሐፍ የደረሰው ሰው ታሪኩ በምን እንዳለቀ ለማወቅ ቀድሞ ያነበበ ሰው ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራል።

ስለዚያ ዘመን ንባብ ሲወራ ቀድመው የሚነሱት ወንዶች ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጋዜጠኞች፣ ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ ሥነ ጽሑፍ የሚከራከሩ ሰዎች። እኔ ማስታወስ የምፈልገው የሰፈራችንን ሴቶች ነው። ትዳርን፣ ምስጢርንና ክህደትን የሚተርኩ ልብ ወለዶች ለእነሱ ከጊዜ ማሳለፊያ በላይ ነበሩ። ስለ ራሳቸው ቤት አፍ አውጥተው መናገር ነውር በሆነበት ጊዜ፣ በልብ ወለድ ሴቶች ስም የልባቸውን ይናገሩ ነበር። ያ ልማድ ዛሬ ጠፍቷል፤ ሳስበው ይቆጨኛል።

ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት ልጅ ወልደው ካሳደጉ በኋላ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴም ከጎረቤቶቿ ጋር ቀበሌ እየሄደች ተማረች። መንግሥት ስለ ምርትና ስለ አብዮት እንዲያነቡ አስተማራቸው፤ እነሱ በተማሩት ፊደል ልብ ወለድ አነበቡበት። ያም ሆኖ ረጅም መጽሐፍ በጣት እየተከተሉ መጨረስ ይከብዳቸው ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡና ላይ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አቦሉ እስኪቀዳ አንድ ምዕራፍ ይነበባል። ቶናው ላይ ክርክር ይነሳል። በረካው ሲደርስ ወሬው ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ይገባል።

በጊዜው አንዲት ሴት የባሏን ጥፋት ለጎረቤት ብታወራ «ገመናዋን አወጣች» ተብሎ የምትነቀፈው እሷው ነበረች። እናቷ ቻይ ትላታለች፤ የነፍስ አባቷ ቻይ ይሏታል። ሕጉም ቢሆን ከጎኗ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። ይህ የተለወጠው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። በመካከሉ ባሉት አርባ ዓመታት ውስጥ በቤቷ የሆነውን የምታውቅ፣ ግን ለማንም የማትናገር ሴት በየቤቱ ነበረች።

ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት መጀመሪያ በር የከፈተላት ሬዲዮ ይመስለኛል። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የተፈጠረውን ሁሉም ያስታውሳል፤ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሬዲዮ የሌለው ሬዲዮ ያለው ቤት ይሰበሰባል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠራው ፍቅረኞቹን ሰብለወንጌልንና በዛብህን ነው። በእኛ ቤት ግን የተለየ ቦታ የነበራት የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ናት። ያገቧት ባሎች እየሞቱባት ሰው የፈራትን ያቺን ሴት ሁለት ባል የቀበረችው ጎረቤታችን ስትሰማት «እኔንም እንዲሁ ነው የሚሉኝ» አለች። ዓመታት አብረን ስንኖር ይህን ነገር ከአፏ ሰምተን አናውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴና ሌሎቹ ሴቶች ስለ እሷ «ገፊ» የሚል ሰው ሲገጥማቸው ፊት ለፊት ይቆጡ ጀመር።

«ኦሮማይ» ደግሞ የመጣልን በድብቅ ነው። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በእጅ የቀሩት ቅጂዎች በፎቶ ኮፒ ተባዝተው ሰው በሰው ይተላለፉ ነበር። በዓሉ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ባለሥልጣኖቹ መጽሐፉን የከለከሉት ስለ ኤርትራው ዘመቻ በተጻፈው ምክንያት ነው፤ ወንዶቹም ሲያነቡት የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ሹም እንደሆነ ለመለየት ይሽቀዳደሙ ነበር። ሴቶቹ የጠየቁት ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ሮማንስ?» ጋዜጠኛው ጸጋዬ ለዘመቻው አስመራ ሄዶ ከፊያሜታ ፍቅር ሲይዘው፣ እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ትጠብቃለች። ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ሰሜን ዘምተው ለነበሩ ሴቶች ይህ ተራ የፍቅር ታሪክ አልነበረም። ከግንባር ደብዳቤ ሲዘገይ የሚያስፈራው ሞት ብቻ እንዳልሆነ ያውቁታል፤ ግን ስለ ዘማች እንዲህ ብሎ ማሰብ እንኳ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። በሮማን ስም ግን አሰቡት፣ ተነጋገሩበትም። አንዷ ፊያሜታን ስትረግም ሌላዋ «እሷ ምን አደረገች? ቃል የገባው እሱ ነው» አለቻት። በዚያ ሰፈር ጥፋቱ ከውሽማዋ ላይ ተነስቶ ቃሉን ያጠፈው ወንድ ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ያኔ ነው።

ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ ከእኛ ጋር የቆየው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ይህን ግዙፍ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን ነው። የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ እየጻፈ መሆኑ ሲነገር እናቴ መጽሐፉን ዘግታ አገላብጣ አየችው። እሷና ጓደኞቿ በቀይ ሽብር ጊዜ ለታሰሩ ወንድሞቻቸው ስንቅ ያመላለሱ ሴቶች ናቸው። ከዚያ አጥር ውስጥ ምን እንደወጣና ምን እንዳልወጣ ያውቃሉ። እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የአንዲትን ሴት ትዳርና ቅናት፣ ውሸትና እልህ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሲለቅም መክረሙ መጽሐፉን በዓይናቸው አከበረው።

የመጽሐፉን ባለታሪክ ስካርሌት ኦሃራን አልወደዷትም፤ ግን ተከተሏት። የምታፈቅረው አሽሊ ሜላኒን ሊያገባ መሆኑን ስትሰማ በእልህ ቻርልስን አገባች። የእርሻቸውን ግብር መክፈያ ስታጣ ለእህቷ የታጨውን ፍራንክን «እህቴ ሌላ ልታገባ ነው» ብላ ዋሽታ ወሰደችው። ሦስተኛው ሬት በትለር ነው፤ እሱንም ስታገባ ልቧ አሽሊ ዘንድ ነበር። የፍራንክ ጉዳይ ሲነበብ ለሁለት ወገን ተከፍለው ተሟገቱ። አንደኛው ወገን «የእህት ባል የወሰደች ምን ምሕረት አላት?» ይላል። ሌላው ደግሞ ቤቷ ሊሸጥ፣ ቤተሰቧ ሊራብ ሲል ምን ታድርግ ይላል። በዚያ ክርክር ውስጥ ለፍቅር ሳይሆን ለኪራይና ለልጅ ቀለብ ሲሉ ያገቡ ሴቶች ተቀምጠው እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ምዕራፍ ግን ሳምንት ሙሉ አከራከረን። ስካርሌትና አሽሊ ተቃቅፈው ሰው ያያቸዋል፤ ወሬው ከተማውን ያዳርሳል። በዚያው ምሽት በአሽሊ የልደት ግብዣ ላይ ሚስቱ ሜላኒ ስካርሌትን በፈገግታ ተቀብላ፣ ይዛ ከጎኗ ታቆማታለች። የቡናው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሜላኒ ታውቃለች ወይስ አታውቅም? አብዛኞቹ የዋህ ናት፣ አልጠረጠረችም አሉ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ብዙም የማትናገረው፣ «ታውቃለች» አለች። «ካላወቀችማ እንዲህ አጥብቃ አትይዛትም ነበር። ቤቷን ነው የያዘችው።» ባሏ ከሌላ ሴት ልጅ እንዳለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ታውቅ እንደሆነ ግን ማንም ደፍሮ ጠይቋት አያውቅም። እናቴ ስኒውን አስቀምጣ «ሜላኒ ተሳስታለች ትያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «አልተሳሳተችም። ግን ብቻዋን ባትይዘው ጥሩ ነበር» ብላ መለሰች።

ጉዳዩ በዚያ አላበቃም። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ቆይቶ ያቺ ሴት ሽማግሌዎች ጠርታ ባሏን በፊታቸው ጠየቀችው። አልካደም። ልጁም ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር ተዋወቀ፤ በበዓል እየመጣ አብሯቸው ይበላ ጀመር። ልብ ወለድ ትዳር ያድናል ብዬ አልከራከርም። ያቺ ሴት የራሷን ነገር በራሷ ስም ከመናገሯ በፊት በሜላኒ ስም መናገር መቻሏ ግን ድፍረት ሰጣት፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

መጽሐፉ ባርነትን አለሳልሶ የሚያሳይ፣ ከባሪያ አሳዳሪዎቹ ወገን ሆኖ የተጻፈ መሆኑም መነገር አለበት። የቡናው ሴቶች ይህን በራሳቸው መንገድ አይተውት ነበር። የቤቱን ምስጢር ሁሉ የምታውቀው፣ ስለ ራሷ ሕይወት ግን አንድም ነገር የማይነገርላት ሞግዚት ማሚ ስትነሳ፣ ረከቦቱ ጋ ተቀምጣ ቡናውን የምትቀዳው የቤት ሠራተኛችን «እሷስ ባል የላትም? ልጅ የላትም?» ብላ ጠየቀች። መጽሐፉ ውስጥ መልስ አልነበረም። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ የእኛንም ቤት የሚመለከት ነበር።

ኋላ ዘመኑ ሲለወጥ ክርክሩ ወደ ሬዲዮ ድራማ ተዛወረ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የፍቅርተንና የባሏን የዳምጤን ትዳር ይዞ በየቤቱ ገባ። ዳምጤ ከሌላ ሴት ጋር ወድቆ ኤች አይ ቪ ሲይዘው፣ ክህደት የልብ ቁስል ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሞት ጉዳይ ሆነ። ኤድስ በየሰፈሩ ድንኳን ባስተከለበት በዚያ ጊዜ፣ ባሏን «እንመርመር» ለማለት አንደበቷ የታሰረ ሴት «ፍቅርተን ሰማሃት?» ብላ ትጀምር ነበር። ለድራማው አዘጋጆች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች መጻፋቸው አይገርመኝም። ከዚያም በቴሌቪዥን አዳነች ወልደገብርኤል የደረሰችው «ገመና» መጣ፤ ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ ስለ ቤተሰብ ምስጢር የተከራከረበት የመጨረሻው ጊዜ ይመስለኛል።

ዛሬ የመጽሐፍ ኪራይ ቤቶቹ የሉም። ከሰፈሮቹም ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ አንድ ግቢ የነበሩት ሴቶች ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው በየአቅጣጫው ተበትነዋል። የትዳር ምስጢር አሁን በስልክ ይወጣል። አንዲት ሴት የባሏን ክህደት በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ ፊቷን እያሳየች ታወራለች፤ የማያውቃት ሰው ሁሉ ይፈርድባታል ወይም ያዝንላታል፣ በማግስቱ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ዝምታው መሰበሩ መልካም ነው፤ የእናቶቻችንን መታፈን የሚመኝ ሰው የለም። ነገር ግን በስካርሌት ላይ የፈለግነውን ስንፈርድ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በእውነተኛዋ ሴት ላይ ሲፈረድ ግን ልጆቿ ትምህርት ቤት ይሰሙታል፣ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ትሰማዋለች፣ ቃሉም አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን ያኔም የጎደለ፣ አሁንም ያልሞላ አለ። የዘረዘርኳቸውን የአማርኛ ልብ ወለዶች የጻፉት ወንዶች ናቸው፤ የማርጋሬት ሚቸልንም ድምፅ በአማርኛ ያሰማን ወንድ ነው። ስለ ሴት ልብ በጥልቀት ስለጻፉ ምስጋናችን ሙሉ ነው። ስንዱ ገብሩ ብዕር ካነሳች ወዲህ፣ ጸሐይ መላኩ «ቋሳ»ን ከጻፈች ወዲህ ሴት ደራሲዎች አልጠፉም፤ ብዛታቸው ግን በየቤቱ ካለው ታሪክ ጋር አይመጣጠንም። በቡናው ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ የሚሞላ ነገር ይዘው ኖረው አለፉ።

ስለዚህ ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው። ለመጻፍ የምታስቡ እህቶች፣ የእናቶቻችሁን ትዳር በሕይወት ሳሉ ጠይቁና ስሙን ለውጣችሁ በልብ ወለድ ጻፉት፤ ሳይጻፍ የቀረው ብዙ ነው። በቡና፣ በማኅበር፣ በእቁብ የምትሰባሰቡ ሴቶች ደግሞ በወር አንድ መጽሐፍ ምረጡና አንዷ ጮክ ብላ ታንብብ። የመጽሐፉን ዋጋ ተካፍላችሁ ብታወጡት ለማንም አይከብድም፤ ለመናገር ያልደፈረች ሴት በመካከላችሁ ካለች ደግሞ የምትጀምርበትን ስም ታገኛለች።