የመምህሩ ጊታር

በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛ። ጊታሩ ለጀማሪዎች ከሚሠሩት ርካሽ ጊታሮች አንዱ ነው። ከዚያም በላይ ያገለገለ ነው፤ ቀለሙ በክንድ ማረፊያው በኩል ተልጧል፣ ከሁለቱ የድምፅ መቆጣጠሪያዎች አንዱ ሲዞር ይንጫጫል። ቢሆንም ዋጋው ከመምህሩ የወር ደመወዝ ይበልጥ ነበር። ገንዘቡም የማድቤቱን ቆርቆሮ ለማስለወጥ ተብሎ ለአንድ ዓመት ያህል ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ነው።

ለሌላ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በመጣበት ምሽት ባለቤቱ አልጮኸችም። ጥቅልሉ ሲፈታ ቆማ አየችና፣ “እንግዲህ ክረምት ሲገባ ይኼ ማድቤቱን ይጋርድ እንደሆነ እናያለን” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የሥራ ባልደረቦቹ ግን እንዲህ በአጭሩ አልተዉትም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለብዙ ቀናት የሻይ ማጣጫ ሆነ። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው የጀማሪ ጊታር መግዛቱ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ “ማግኔትና የኤሌክትሪክ ፍሰትን ለማስተማር ይጠቅመኛል” ይላቸው ነበር። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ምክንያቱ ግን ያ አልነበረም።

ምክንያቱ የሚጀምረው በ1976 ዓ.ም. ነው። መምህሩ በዚያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣትና የአንድ ቀበሌ የኪነት ቡድን አባል ነበር። የሚሠራውም በኅብረ ዝማሬው የኋላ ረድፍ ቆሞ ማጀብ ነው። ቡድኑ ከበሮ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረው። ጊታሩ ከልምምድ በኋላ በብረት ቁም ሳጥን ይቆለፍበታል፤ ቁልፉም በኃላፊው ኪስ ይገባል። እንዲነካው የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም በንብረት መዝገብ ላይ ፈርሞ የተረከበው፣ ከመምህሩ በሦስት ዓመት የሚበልጥ የሰፈሩ ልጅ ነው። መምህሩ ልምምድ በተጠራ ቁጥር ቀድሞ የሚደርሰው ዝማሬውን ናፍቆ አልነበረም። የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት ለማየት ነበር።

አንድ ቀን ኃላፊው ወደ ስብሰባ ተጠርቶ በወጣበት ሰዓት ጓደኛው ጊታሩን አውልቆ በመምህሩ አንገት ላይ አጠለቀለት። “ቶሎ በል” አለው። መምህሩ ጣቶቹን የት ማሳረፍ እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ በግራ እጁ ምንም ሳይጫን፣ በቀኝ አውራ ጣቱ ስድስቱን ክሮች ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ መታ። ድምፁ ከማጉያው ወጥቶ የአዳራሹን ግድግዳ ነካና ተመለሰ። ያ ድምፅ ለምን ሆዱን እንዳባባው፣ ለምንስ ቀድሞ የሰማው መስሎ እንደተሰማው ሊገልጸው አልቻለም። የኮቴ ድምፅ ሲሰማ ጊታሩን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመታት ኤሌክትሪክ ጊታር አልነካም።

ጓደኛው በ1975 ዓ.ም. በታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ተመልምሎ በ1978 ዓ.ም. ወደ ግንባር ሄደ። አልተመለሰም። በመዝገቡ ላይ የፈረመው እርሱ ስለነበር፣ ጊታሩን ሌላ ሰው ሊረከበው የሚችልበት መንገድ ጠፋ ተባለ። ቁም ሳጥኑም እንደተቆለፈ ቆየ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጊታሩ የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም።

የሙዚቃ መሣሪያ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ቀላል ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የቴአትር ቤቶች ኦርኬስትራዎች አያሌ ባለሙያዎችን አፍርተዋል፤ መሣሪያው ግን የተቋሙ ነበር። በምሽት ክበቦችም ቢሆን ተጫዋቹ ጣቶቹን ይዞ ይመጣል እንጂ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ነው። የዋልያስ ባንድ አባላት በ1960ዎቹ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በራሳቸው ውል መሥራታቸው ታላቅ እርምጃ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚጫወትበት መሣሪያ የራሱ የሆነ ሰው መቼና የት፣ ምንስ እንደሚጫወት የመወሰን ዕድሉ ይሰፋል። ሆኖም ደህና ኤሌክትሪክ ጊታር መግዛት የሚችለው ስንቱ ነው? ርካሽ ጊታር ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ርካሹ ጊታር በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የሚናቅ ድርሻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሲርስ የተባለው የንግድ ድርጅት በካታሎግ ይሸጠው የነበረ ሲልቨርቶን የተባለ ጊታር ነበር። አካሉ ከእንጨት ጭረት በሙቀትና በጫና ተጨምቆ ከሚሠራው ማሶናይት የተባለ ሰሌዳ ነው። ድምፅ የሚቀበለው ክፍሉ በከንፈር ቀለም መያዣ ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ ሲሆን፣ መያዣ ሣጥኑም ራሱ አምፕሊፋየር ሆኖ ያገለግላል። ይህ ሁሉ ተጠቃሎ ዋጋው 67 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። የገበሬውና የፋብሪካ ሠራተኛው ልጅ ጊታር መማር የጀመረው በዚህና በመሰሎቹ ነው። ስመ ጥሩው ጂሚ ሄንድሪክስም በልጅነቱ በመጥረጊያ እንጨት ጊታር የሚመታ እያስመሰለ ይጫወት እንደነበረና የመጀመሪያ ጊታሩም በ5 ዶላር የተገዛ አሮጌ ቦክስ ጊታር እንደነበረ የሕይወት ታሪኩ ይናገራል።

ርካሹም ሆነ ውዱ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚሠራበት ሕግ አንድ ነው። በክሮቹ ሥር ማግኔት አለ፤ በማግኔቱም ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ተጠምጥሟል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በሽቦው ውስጥም ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ይኸው ነው። ፍሰቱ በገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄዶ ይጎላና ድምፅ ይሆናል። ማግኔቱ ከብረት በቀር ሌላ አይሰማም፤ የጅማት ክር ቢወጥሩበት ዝም ይላል። መምህሩ ይህን ለሠላሳ ዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥሏል። ሕጉ በራሱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ሲዘምር የሰማው ግን ጊታሩን በገዛበት ሳምንት ነው።

ዝማሬው መጀመሪያ ላይ አላማረም። ክሮቹ ከአንገቱ እጅግ ርቀው ስለተወጠሩ ለመጫን ጉልበት ይጠይቁ ነበር። የአንዳንዱ ፍሬት ጫፍ መዳፍ ይቧጭራል። ከሁሉም የባሰው ግን፣ ክሮቹ ባዶአቸውን ሲመቱ የተቃኙ ሆነው ሳለ ወደ አንገቱ መጨረሻ ሲኬድ ቅኝቱ መዛባቱ ነበር። ሌላ ጀማሪ ቢሆን ጥፋቱን በራሱ ጆሮ አሳብቦ ይተወው ነበር። መምህሩ ግን ማስመሪያውን አወጣ። ከክሩ መነሻ እስከ መድረሻው 648 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት በ324 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ማለትም በትክክል በግማሹ ላይ ይገኛል። ፍሬቶቹ በልካቸው ተተክለዋል። እንግዲህ ስሕተቱ በክሩ ማረፊያ ላይ ነው ማለት ነው። ክሩ ሲጫኑት በጥቂቱ ስለሚወጠር ድምፁ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ማረፊያውን ጥቂት ወደ ኋላ ስቦ ክሩን ማስረዘም ያስፈልጋል። በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ ስድስቱንም እየለካና እየሰማ አስተካከላቸው። የፍሬቶቹን ጫፍ በሞረድ አለዘበ። የሚንጫጫውን መቆጣጠሪያ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ አጸዳለት። ጊታሩ ከሦስት ሳምንት በኋላም ያው ርካሽ ጊታር ነበር፤ ነገር ግን አይዋሽም።

ጣቶቹ ግን እንደ ማረፊያው በመፍቻ የሚላሉ አልሆኑም። ሃምሳ ስምንት ዓመት የኖረ እጅ አዲስ ትእዛዝ ሲሰጠው ያመነታል። በመጀመሪያው ወር የጣቶቹ ጫፍ ቆሰለ፤ በሁለተኛው ወር ቆዳው ጠጠረ። መብራት በሚጠፋበት ምሽት አምፕሊፋየሩ ዝም ሲል፣ የክሮቹን የሹክሹክታ ያህል ድምፅ እየሰማ በጨለማ ይለማመድ ነበር። ሐምሌ ገባ። ማድቤቱ በሁለት በኩል አፈሰሰ። መምህሩም ጊታሩን እያስቀመጠ ባልዲ ያቀርብ፣ የሞላውን ይደፋ ነበር። ባለቤቱ ምንም አትናገርም፤ እርሱም የሚለው አልነበረውም። ዝናቡ በባልዲው ላይ ሲንጠባጠብ የተበላሸ ዋጋ የሚቆጠር ይመስለው ነበር።

በመስከረም ትምህርት ሲጀመር ጊታሩን ወደ ትምህርት ቤቱ ወስዶ በቤተ ሙከራው ውስጥ አስቀመጠው። ለባልደረቦቹ የሰጠው መልስ ቢያንስ በከፊል እውነት እንዲሆን ፈልጎ ነው። ማግኔቱን፣ ሽቦውንና ክሩን ለተማሪዎቹ አሳየ። ትምህርቱ ሲያበቃ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ወደኋላ ቀረችና፣ “ጋሼ፣ አንዴ ልንካው?” አለችው። ከአጎቷ ክራር የተማረች ልጅ ናት።

“አይሆንም፤ ይበላሻል” አላት። ጊታሩን በቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈ። ቁልፉንም ኪሱ ከተተ።

ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ ቁልፉ በኪሱ ውስጥ እየተንሿሿ አብሮት ተጓዘ። መንገዱን ገና ሳያጋምስ ድምፁን ለየው። የዚያን ዘመን የኪነት ኃላፊ ቁልፍ እንዲሁ ይንሿሿ ነበር። መምህሩ ያን ሰው አርባ ዓመት ሙሉ በልቡ ሲከስሰው ኖሯል። አሁን ግን ሰውዬው ምናልባት ክፉ እንዳልነበረ ታየው። የሕዝብ ንብረት ቢጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ነበር። ፈርቶ ይሆናል። የመምህሩ ጊታር ግን የገዛ ገንዘቡ፣ የገዛ ማድቤቱ ጣሪያ ነው። ቢሰበር የሚጠይቀው ማንም የለም። ታዲያ እርሱ የሚቆልፈው ማንን ፈርቶ ነው?

በማግስቱ ልጅቱን አስጠራትና ጊታሩን ከነገመዱ ሰጣት።

ልጅቱ እንደ ጊታር ተጫዋች አልያዘችውም። እንደ ክራሯ አቀፈችው። የግራ እጇን ጣቶች በክሮቹ ላይ ዘርግታ፣ የማትፈልጋቸውን እያፈነች የምትፈልጋቸውን እየለቀቀች መታች። መጀመሪያ ግን ምንም ሳትጫን፣ ምንም ሳታፍን፣ ስድስቱን ባዶ ክሮች ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ አወረደቻቸው። ቀና ብላ አየችውና፣ “ጋሼ፣ ይኼ እኮ ትዝታ ነው” አለችው።

መምህሩ መልስ አልሰጠም። ጠመኔ አንሥቶ በሰሌዳው ላይ የክሮቹን ስም ከወፍራሙ ጀምሮ ጻፈ፤ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። ከሶል ጀምሮ በቅደም ተከተል አሰለፋቸው፤ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። የሜጀር ትዝታ አምስት ድምፆች፣ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ። ስድስተኛው ክር፣ ልክ በክራር ላይ እንደሚሆነው፣ የአንዱ ድምፅ ድጋሚ ነው። ጊታሩን እንዲህ የቃኙት ሰዎች ስለ ወሎ የሰሙት ነገር ኖሮ አይደለም፤ አጋጣሚ ነው። በ1976 ዓ.ም. አንድ ወጣት በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ መትቶት ቀድሞ የሰማው የመሰለው ግን ይህን ነበር። በእርግጥም ቀድሞ ሰምቶት ነበር፤ ከእናቱ፣ ከሠርግ ቤት፣ ከመንገድ አዳሪ አዝማሪ።

ልጅቱ ጊታሩን በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ ትወስደው ጀመር። ሌሎችም ተከተሏት። ሲንና ሁለቱን ሚዎች በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋ ማይነር ትዝታን አወጣች። መምህሩ በፍሬት የደከመበትን እርሷ በመቃኛው ጨረሰችው። አንድ ቀን ግን መቃኛውን ከመጠን በላይ አዞረችውና ቀጭኑ ክር በጠሰ። ልጅቱ ደነገጠች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ምትክ ክር በደሴ ገበያ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ሊፈጅ ነው።

“የቀሩትን ምቺያቸው” አላት መምህሩ።

መታቻቸው። የተበጠሰው ድጋሚው ሚ ነበር። አምስቱ እንዳሉ ናቸው፤ ትዝታውም ሙሉ ነው።

የማድቤቱ ቆርቆሮ በኅዳር ወር ተለወጠ፤ መምህሩ ለማጠናከሪያ ትምህርት በተከፈለው ገንዘብ። ቁም ሳጥኑ አሁንም በቤተ ሙከራው ውስጥ አለ፤ አሲዱና መስተዋቱ ይቆለፍበታል። ጊታሩ ግን ከሰሌዳው ጎን በምስማር ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ አንድ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ የወሰደው ስሙን ይጽፋል፣ የመለሰው ይሰርዛል። በመጀመሪያው ገጽ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ መምህሩ በራሱ እጅ የጻፈው የአንድ ሰው ስም አለ። ከተማሪዎቹ መካከል ያን ስም የሚያውቀው የለም። አልተሰረዘም።