ቋጠሮው ስንት ኪሎ ይችላል?

የአሳ ማጥመጃ ክር ጥቅልል ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ 10 ኪሎ፣ 20 ኪሎ፣ 40 ኪሎ። ብዙዎቻችን ያንን ቁጥር አይተን እንገዛለን፤ አምነነውም ውሃ ዳር እንወርዳለን። ቁጥሩ ውሸት ነው አልልም። የሚናገረው ግን ስላልተቋጠረና ምንም ስላልነካው ክር ነው። አሳው የሚታገለው የተቋጠረውን፣ ውሃ የጠጣውን፣ ድንጋይ ላይ የተፋተገውን ክር ነው። ስለዚህ ከዋናው ክር ጫፍ እስከ መንጠቆው ያለችውን አጭር ክፍል፣ ሊደር የምንላትን፣ ቤታችን ሠርተን ቤታችን እንድንፈትን ልከራከር ነው የመጣሁት።

የጫሞን ሐይቅ ላንሣ። እዚያ ነጭ አሳ (ናይል ፐርች) ለሚፈልግ ሰው ሊደር ቅንጦት አይደለም። ነጭ አሳ የሚነክስበት ትልቅ ጥርስ የለውም፤ መንጋጋው ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች ግን እንደ ሞረድ ሻካራ ናቸው። የስንጥቡ ክዳንም ይቆርጣል። አሳው በታገለ ቁጥር ክሩ እዚያ ላይ ይመላለሳል፤ ቀጭን ክር ከሆነ ብዙ አይቆይም። ለዚህ እኔ የምመርጠው ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ወፍራም ናይለን ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል። ውዱ ፍሎሮካርቦን በውሃ ውስጥ ብዙም አይታይም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ገደማ ስለሆነ ከናይለን ይልቅ ለውሃው 1.33 ይቀርባል። ግን የአባያን ቡናማ ውሃ ያየ ሰው ይህ ብልጫ እዚያ ምን እንደሚጠቅም ይንገረኝ። ጫሞም ቢሆን ከአባያ ይሻላል እንጂ ጥርት ያለ አይደለም። ገንዘቡን ለጥሩ መንጠቆ አውሉት።

ወደ ፈተናው እንግባ። የሚያስፈልገው ሚዛን በየቤታችን አለ፤ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባዶውን ጀሪካን መዝኑት፤ ሊደሩን ከጠንካራ ብረት ላይ አንጠልጥሉና ጀሪካኑን ከታች እሰሩ፤ ከዚያ በሊትር መስፈሪያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ጀሪካኑ ከመሬት ከአንድ ስንዝር በላይ አይራቅ፤ ከሥሩም አሸዋ ወይም አሮጌ ፍራሽ ይነጠፍ። መነጽር ሳታደርጉ አትሞክሩት፤ ተወጥሮ የተበጠሰ ናይለን ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል። ወፍራሙን ሊደር ለመበጠስ አንድ ጀሪካን አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ጀሪካን ከጠንካራ አጣና ላይ ማንጠልጠል ይቻላል።

ደረቅ ክር ፈትኖ ማቆም ደግሞ ራስን ማታለል ነው። ናይለን ውሃ ይመጥጣል፤ ሲርስ ጉልበቱ 10 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ሊደሩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት እንደገና ስቀሉት። ከዚያ ሌላ ሊደር ብሎኬት ላይ ጥቂት ጊዜ አፋትጉና እሱንም ስቀሉት። መጨረሻ ላይ ጀሪካኑን ግማሽ ሞልታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። በዝግታ 15 ኪሎ የቻለ ቋጠሮ በድንገት ሲመታ 8 ኪሎ ላይ እጅ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚወድቅ ነገር ሲቆም ክሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ነውና። አሳም ሲፈራገጥ በዝግታ አይደለም።

እኔ ግን ከቁጥሩ በላይ የምወደው የተበጠሰውን ጫፍ ማየት ነው። ጫፉ እንደ አሳማ ጅራት ጥቅልል ብሎ ከመጣ ክሩ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈትቷል። ዙሩ አንሷል ወይም በደንብ አልጠበቀም ማለት ነው። ቋጠሮው አንገት ላይ ቁርጥ ብሎ ከሆነ ደግሞ ክሩ ራሱን በራሱ አንቆ ቆርጧል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመድረቅ ነው። ናይለን ሳይርስ በኃይል ሲጠብቅ በፍትጊያው ይግልና ይጎዳል፤ ለዚህ ነው የለመዱ አጥማጆች ከማጥበቃቸው በፊት ቋጠሮውን በምራቃቸው የሚያርሱት። ክሩ ከቋጠሮ ርቆ መሐል ላይ ከተበጠሰ ቋጠሯችሁ ድንቅ ነው፤ ወይም ክሩ እዚያ ቦታ ላይ ቀድሞ ተጎድቷል። ጣታችሁን አሂዱበት፣ ጉዳቱ ይታወቃል። ሳይታሰብ ክሩ ላይ የምትፈጠረው ተራ ነጠላ ቋጠሮ ደግሞ የክሩን ጉልበት ግማሽ ያህል ትወስዳለች። አንዷን ሆን ብላችሁ ቋጥሩና ጀሪካኑ ላይ ፈትኗት፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ክር ይዞ መውጣት አያስችላችሁም።

ሽቦ ሌላ ሙያ ነው። በጫሞ፣ በኦሞና በባሮ የሚገኘው ታይገርፊሽ ጥርሱ ናይለንን አይምርም። ሽቦውን ጨፍልቆ የሚይዘው ስሊቭና የተሸፈነ ሽቦ ባብዛኛው በዘመድ ሻንጣ ከውጭ ካልመጣ አይገኝም፤ የጊታር ክር ግን ከተማ ውስጥ አለ። ቀጭኗ፣ 0.25 ሚሊሜትር የሆነችው ያልተጠቀለለች የብረት ክር፣ ጊታር ላይ ተቃኝታ ስትቀመጥ ብቻ 7 ኪሎ ያህል ጉተት ትሸከማለች። ጉልበቷ አያሳስብም። የሚያሳስበው ዝገቷና አጠማዘዟ ነው። መንጠቆው የሚያዝበትን ቀለበት ስትሠሩ ሁለቱ ሽቦዎች እኩል እርስ በርስ መጠማዘዝ አለባቸው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ዙሪያውን ከተጠመጠመ በጉተት ጊዜ ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥብቅ ዙሮች ይታከሉበታል። ትርፉን በፒንሳ አትቁረጡት፤ የሚቀረው ስለት እጅ ይሰነጥቃል። ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ ራሱ እንዲሰበር አድርጉ። አንድ ጊዜ የተቆለመመ ሽቦ ደግሞ ቢቃናም አይታመንም።

አሁን ከልቤ ወዳለው ነገር ልምጣ። ማንም የሠራው ሊደር አንድ ቀን ይበጠሳል። ጥያቄው የት ነው የሚለው ነው። ክሩ ማጠንጠኛው አጠገብ ከተበጠሰ አሳው መንጠቆውን ብቻ ሳይሆን አሥርት ሜትሮች ናይለንም እየጎተተ ይሄዳል። ያ ክር ሸምበቆ ውስጥ ይጠመጠማል፤ አሳው እዚያው ታስሮ ይሞታል። ክሩ ግን አይበሰብስም፣ ለዘመናት ይቀመጣል። ጫሞ ዳር የሚውሉት ሻላዎችና አሳ በሊ ንስሮች እግርና ክንፋቸው የሚታሰረው በዚህ ነው። ስለዚህ ዋናው ክርና ሊደሩ የሚገናኙበትን ቋጠሮ ከሁሉም ደካማ አድርጌ እሠራዋለሁ። ዋናው ክር 20 ኪሎ ከሆነ መገናኛው 14 ወይም 15 ኪሎ ላይ ይለቅ። አሳው ቢያመልጥ ይዞት የሚሄደው አንድ ሜትር ክርና የሚዝግ መንጠቆ ብቻ ይሆናል። ይህን ያለ ፈተና ማወቅ አይቻልም። ዋናውን ክር ከላይ፣ ሊደሩን ከታች አድርጋችሁ ሙሉውን ስቀሉት፤ ዋናው ክር መሐሉ ላይ ከተበጠሰ ሥራው አላለቀም፣ እንደገና ቋጥሩ።

ባሌ ስትወጡ ሒሳቡ ይገለበጣል። በዌብና በደንካ ወንዞች ያለው ትራውት ከኬንያ የመጣ ዘር ነው፤ ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ወፍራም ክር ካየ ይሸሻል። እዚያ ሊደሩ ከወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ መሄድ አለበት። አጥማጁ ቻርልስ ሪትዝ ያስፋፋው ቀመር 60፣ 20፣ 20 በመቶን ይከተላል፤ ስድሳው ወፍራም፣ ሃያው መሸጋገሪያ፣ ሃያው ቀጭን ጫፍ። ጫፉ 0.15 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል። የሚቋጠሩት ሁለት ክሮች ውፍረት ልዩነት ከ0.05 ሚሊሜትር ባይበልጥ ቋጠሮው ይይዛል። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1935 በዱፖንት ቤተ ሙከራ ከመገኘቱ በፊት ይህ ሁሉ የሚሠራው ከሐር ትል ሆድ በሚወጣ አጫጭር ክር ነበር፤ ቁራጮቹ አጭር ስለሆኑ መቀጣጠል ግድ ነበር፣ ከመቋጠራቸው በፊትም ውሃ ውስጥ ይነከሩ ነበር። ይህን ቀጭን የትራውት ሊደር ለመፈተን ግን ጀሪካን አያስፈልግም፤ ባለ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል።

ጋምቤላ ያላችሁ የባሮ አጥማጆች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የጊታር ክር ውሃ ነክቶት ካደረ በኋላ ስንት ጊዜ ታምኑታላችሁ? ዘይት የሚቀባ አለ ወይስ በየቀኑ ይጣላል? የተበጠሰውን ጫፍ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልኝ ደግሞ የበለጠ እደሰታለሁ።