«ራይት»፦ ቀኝ፣ ትክክል፣ መብት

ዛሬ ከሰሞኑ የፖለቲካ ወሬ ጥቂት ዘወር ብዬ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላወጋችሁ እወዳለሁ። ዘወር ማለቴ መሸሽ አይደለም፤ ቃሏ ራሷ ዞራ ወደዚያው ታደርሰናለች። ቃሏ «ራይት» ናት።

ከተማሪዎቼ አንዱ «እንግሊዞች ቀኝ እጅን፣ ትክክለኛ መልስንና የዜጋን መብት በአንድ ቃል የሚጠሩት ቃል አጥሯቸው ነውን?» ሲል በክፍል ውስጥ ጠየቀኝ። ባልደረቦቹ ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ወደ ቤቴ ገባሁ።

የቃሏ ጥንታዊ ትርጉም «ቀጥ ያለ» ማለት ነው። የጀርመኑ «ሬሽት»ና የላቲኑ «ሬክቱስ» ዘመዶቿ ናቸው፤ ንጉሥ የሚል ትርጉም ያለው የላቲኑ «ሬክስ» ሳይቀር ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ቀጥ ያለው መስመር ትክክለኛው መስመር ሆነ፤ ቀጥሎም ለሰው በቀጥታ የሚገባው ነገር በዚያው ስም ተጠራ። ቀኝ እጅ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ጥንታውያኑ እንግሊዞች ቀኝ እጅን «ብርቱዋ» ይሏት ነበር፤ ግራን የሚጠሩበት ቃል ደግሞ ከ«ደካማ» የወጣ ነው። እኛም ብንሆን «ግራ ገባኝ» እንጂ «ቀኝ ገባኝ» አንልምና ልንታዘባቸው አይገባም።

የፖለቲካው «ቀኝ» ግን ከቅንነትም ከመብትም ጋር ዝምድና የለውም። የወንበር ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 በቬርሳይ የተሰበሰበው የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ ንጉሡ ሕግን የመሻር ሥልጣን ይኑረው አይኑረው እያለ ሲከራከር፣ ለንጉሡ የወገኑት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ የተቃወሙት በስተግራ ተቀመጡ። ከዚህ የአቀማመጥ አጋጣሚ የተወለደው ስያሜ ውቅያኖስ ተሻግሮ እኛም ዘንድ ደረሰ። ድሮ ቀኝና ግራ ለእኛ የማዕረግና የሥርዓት ቃላት ነበሩ፤ ቀኛዝማችና ግራዝማች በአንድ ሠራዊት ውስጥ ጎን ለጎን ይዘምቱ ነበር። ዳኞቻችንም እስከ ዛሬ «ግራ ቀኙን አከራክረን» ብለው ሲጽፉ ሁለቱን ተከራካሪዎች ማለታቸው እንጂ ማንንም መውቀሳቸው አይደለም። በደርግ ዘመን ግን «ቀኝ መንገደኛ» የሚለው ስም የሞት ጥላ ያጠላበት ክስ ሆነ። ይባስ ብሎም፣ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ የተለየው መኢሶን፣ ያ ማርክስን ከማንም በላይ አነበብሁ የሚል ድርጅት፣ ይኸው ስም ተለጠፈበት። ቃል ከሥሩ ሲነቀል እንዲህ ነው፤ የያዘው እጅ ወዳሻው ያወዛውዘዋል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ሦስተኛው ትርጉም ነው። እኛ «መብት» የምንለው ቃል የመጣው ከግእዙ «መባሕት» ነው። ትርጉሙም ሥልጣን፣ ፈቃድ ማለት ነው፤ «አብሐ»፣ ማለትም ፈቀደ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ልዩነቱን አስተውሉልኝ፦ የእንግሊዝኛው ቃል የተነሣው ከቀጥተኛ መስመር ሲሆን የእኛው የተነሣው ከፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ ፈቃጅ አለው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሦስተኛው ምዕራፍ ስለ ሕዝብ መብት ሲናገር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ ያወቁለት መብት አድርጎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 በአንጻሩ ሰብአዊ መብት የሚመነጨው ከሰው ተፈጥሮ ነው ይላል። ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ የተጓዝነው መንገድ በእነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች መካከል ያለው ነው። የወረቀቱ መንገድ ማለቴ ነው።

አንደበታችን ግን ከወረቀቱ ወደኋላ ቀርቷል። መብት በአፋችን «ይሰጣል»፣ «ይፈቀዳል»፣ ሲከፋም «ይነፈጋል»፤ እነዚህ ሁሉ የባለጠጋና የለማኝ ግሶች ናቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት አንዲት እናት «መብቴ ነው» ብለው ሲከራከሩ፣ ጸሐፊው ቀና ሳይል «እማማ፣ መብትዎ ነው» ብሎ ሲመልስላቸው ሰምቻለሁ። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ የመልሱን ትርጉም ያውቀዋል፦ የፈለጉትን ይበሉ፣ እኔን አያገባኝም! አንድ ቃል የራሱ መሸኛ ሆኖ ሲያገለግል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላየሁም።

የቃል ሥር የሕዝብን ዕጣ ይወስናል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። «ቀጥተኛ» ቃል የነበራቸው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1689 የመብት ድንጋጌያቸውን ካጸደቁ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ባሪያ ሲሸጡ ኖረዋል። ነገሥታቶቻቸውም ከእግዚአብሔር የተቀበልነው ነው ያሉትን ሥልጣን በዚችው ቃል ይጠሩት ነበር። እኛም «ትክክል» የሚል ቃል አለን፤ እርሱ ከእኩልነት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የእነርሱ ልክ መስመር ቢሆን የእኛ ልክ ሚዛን ነውና በዚህ በኩል የምናፍርበት የለም።

ከዐረብኛ የተዋስነው «ሐቅ»ም አለ። በዐረብኛ እውነትም መብትም ማለት ነው፤ አብዛኞቻችን እውነቱን ይዘን መብቱን ድንበር ላይ ጥለነዋል። ሙሉውን ያስቀሩት በተለይ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው፤ «የሰው ሐቅ አትብላ» ሲሉ። እዚህ ላይ ግሱን ልብ በሉ። ሐቅ አይሰጥም፣ አይፈቀድም፣ አይነፈግም፤ ይበላል። የሚበላ ነገር ደግሞ አስቀድሞ የባለቤቱ ነበር።