የአየር ላይ ጃምቦሪ
የአየር ላይ ጃምቦሪ ስካውቶች በአማተር ሬዲዮ የሚገናኙበት ዓመታዊ መድረክ ነው። መነሻው በ1957 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በሰተን ፓርክ የተካሄደው የዓለም ጃምቦሪ (የስካውቶች ታላቅ ስብሰባ) ነው፤ እዚያ የተዋወቁ የሬዲዮ አማተሮች በአየር ላይ ዳግም ለመገናኘት ተስማሙ። እንግሊዛዊው ሌዝሊ ሚቸል ሐሳቡን አደራጀ፤ የመጀመሪያው የአየር ላይ ጃምቦሪም በ1958 እ.ኤ.አ. ተካሄደ። ዛሬ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ይካሄዳል።

በመድረኩ የሚሳተፍ ወጣት ለጅምሩ የራሱ ፈቃድ አያሻውም፤ በብዙ አገሮች ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር አጠገቡ ሆኖ እየተቆጣጠረ ሰላምታ ይለዋወጣል። ከዚያ ስሙን ፊደል በፊደል መጥራትን፣ የሞርስ ምልክትንና አንቴና መዘርጋትን ይማራል። የፈቃድ ፈተናውን ሲያልፍ የራሱ መጠሪያ ምልክት ይሰጠዋል። መብራትና ስልክ በሚቋረጥበት የአደጋ ጊዜ ይህ ችሎታ ሕይወት ያድናልና፣ ወላጆችና መምህራን ልጆችን ሊያበረታቱ ይገባል።